የውዴ ቢጫ ቶብ

ውዴ ሰሊጥ ልታጭድ ከመተማ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ተሻግራ በዚያው የቀረች ሴት ናት። ሰሊጥ ዓመቱን ሙሉ ስለማይታጨድ፣ ሾዋክ ከተማ አጠገብ ሐጅ አኑዋር የሚባሉ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረች። እሳቸው በላስቲክ ቤት ውስጥ ቲማቲም ያለማሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ቲማቲሙ አበበ። ከዚያ የቅጠሉ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ተጨማደደ፤ አበባውም ረገፈ። ቅጠሉን ሲነኩት ከሥሩ እንደ ዱቄት ብን የሚሉ ነጫጭ ዝንቦች ይነሳሉ። ሐጅ አኑዋር መድኃኒት አስረጩ። ሳምንት ቆይተው ሌላ አስረጩ። በሦስተኛው ርጭት ውዴን ሁለት ቀን ራሷን አመማት፤ ዝንቦቹ ግን ደህና ነበሩ።

በኋላ ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ሓይሉን አስመጡ። ትግራይ ሳለ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ አሁን ካምፑ ውስጥ ሳሙናና ስኳር ይሸጣል። ተክሉን አንድ በአንድ አየ።

«የታመመው አይድንም» አለ። «መርዙ ዝንቡን ቢገድል እንኳ ተክሉ ውስጥ ያለውን ቫይረስ አይገድልም። ዝንቡ ከታመመው መጥጦ ጤነኛውን ሲወጋ ያጋባበታል። የተጨማደደውን በከረጢት እየሸፈናችሁ ንቀሉት።»

«ግማሹ እኮ ነው» አሉ ሐጅ አኑዋር።

«አሁን ግማሹ ነው።»

ዝንቡ በየት እንደሚገባ ግን አላወቀም። የላስቲክ ቤቱን መረብ ዞሮ ፈተሸ፤ ቀዳዳ የለውም። በዚህ መሀል ውዴ ከውጭው አሮጌ የቲማቲም ማሳ መጣች። የተጠመጠመችው ቢጫ ቶብ፣ የሐጅ አኑዋር ባለቤት ራሒማ ለዒድ የሰጠቻት፣ ካላት ልብስ ሁሉ የምትወደው ነው።

«ላይሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አላት ሓይሉ።

«ቶብ ነው።»

«ቶቡ ላይ ያለውን ነው የምልሽ።»

አየችው። ትከሻዋ ላይ ነጫጭ ዝንቦች ሰፍረዋል። ቢጫ ቀለም እንደሚስባቸው ነገራት። ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ከአሮጌው ማሳ ይዛቸው ስትገባ ኖራለች።

ቶቡን ውጭ አውልቃ ተመለሰችና መንቀል ጀመረች። እየነቀለች አለቀሰች። ራሒማ ስትጠይቃት፣ «መድኃኒቱ ዓይኔን አቃጠለኝ» አለች። በዚያ ሳምንት የተረጨ መድኃኒት አልነበረም።

ሓይሉ አሮጌውን ማሳ አስነቅሎ፣ ለላስቲክ ቤቱ ሁለተኛ በር አሠራ፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ቢጫ ጀሪካን ሰንጥቀው፣ ዘይት ቀብተው ዝንቡን እንዲይዝ በየመደቡ ሰቀሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከአራት መቶ ችግኝ የታመመው ሠላሳ አንድ ብቻ ነበር። ውዴ ማንም ሳያዛት ነቀለችው።

የላስቲክ ቤቱ ቁልፍ አሁን በእሷ እጅ ነው። ባለፈው ሐጅ አኑዋር ከገዳሪፍ የቲማቲም ገዢ ይዘው ሲመጡ በሁለቱ በሮች መካከል አቆመቻቸው።

«ሐጅ፣ ጀለቢያዎን ያራግፉት።»

«ገዢ ይዤ እኮ ነው የመጣሁት።»

«እሱም ያራግፍ።»

አራገፉ። ገዢው ገብቶ አየና ምርቱን በሙሉ ወሰደ። ሓይሉም ሱቁን ለጎረቤት ትቶ ሾዋክ ገባ፤ ከውዴ ጋር ሁለተኛውን ላስቲክ ቤት እየሠሩ ነው።