የቅዳሜው ቆርቆሮ

ክፉ ሰው አያናድደኝም፤ ለክፉ ሰው መልስ አላጣም። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ሁሉም ሰው ደግ ሆኖ ሳለ ሥራው አልሠራ ሲል ነው።

የዚያን ቀን ከጎንደር የተነሳነው በማለዳ ነው። አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች በነጻ ጉልበታችን ቤት የምንሠራ ማኅበርተኞች ነን፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ። ከአንዱ አናጢያችን በቀር መዶሻ ይዞ ያደገ የለንም። ሁላችንም ከእንጀራ ሥራችን የምናርፈው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ቆርቆሮውን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ እኛም ከላዩ ተጭነን፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ከመንገድ ገባ ያለች መንደር ደረስን።

ቤቱ የአንዲት ባልቴት ነው። የድሮው ጎጇቸው በክረምቱ ስለወደቀ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ጎረቤት ተጠግተው ነበር የከረሙት። መንደርተኛው በደቦ ወጥቶ ጭቃ አቡክቶ፣ ግድግዳውን መርጎ፣ የጣራውን እንጨት ሳይቀር ሰቅሎ ጠበቀን። የቀረው ቆርቆሮ መምታት ብቻ ነው። ጥቅምት ቢገባም ሰማዩ ገና አልጠራም፤ ጣራ የሌለው የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ዝናብ አይችልም።

አናጢው መሰላሉን ሲያቆም አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ምን ልትሠሩ ነው?»

«ቆርቆሮ ልንመታ ነዋ፣ አያ» አልኩ።

«በሰንበት?»

ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቆርቆሮ ቢመታ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እዚህ ግን ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበራል፤ ሰንበት ከተሻረ በረዶ ይወርዳል ብለው ያምናሉ። ገብሱ ደግሞ አሽቶ ቆሟል። ቀኑን የቆረጠው አስተባባሪያችን፣ የገበሬ ልጅ ሆኖ ወጉን እያወቀ፣ «የጽድቅ ሥራ ሰንበት አይሽርም» ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር። አሁን ጫማውን ያያል።

«ጌታስ በሰንበት ፈውሶ የለም ወይ?» ብዬ ተከራከርኩ።

«ፈውሷል» አሉ ሽማግሌው። «ምስማር ግን አልመታም።»

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ነገ እሑድ ነው፤ በሥራ ቀን ደግሞ እኛ የለንም፤ የሚቀጥለው ቅዳሜም ያው ቅዳሜ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። በመጨረሻ ወደ ቤቱ ባለቤት ወደ ባልቴቷ ዞርኩ፤ እሳቸው እሺ ካሉ ሌላው ምን አገባው ብዬ።

«ምነው ትቆጣለህ ልጄ?» አሉኝ። «ሥራችሁ ሸጋ ነው። ዛሬ ግን ይቅር።»

«እማማ፣ ዝናብ ከመጣ ግድግዳው ይፈርሳል! ለእርስዎ ብለን እኮ ነው የመጣነው!»

«እንግዲያስ ለእኔ ብላችሁ ተዉት።»

ከሽማግሌው ይልቅ በእሳቸው ተናደድኩ። ቤት አጥተው የሰው ቤት የሚያድሩት እሳቸው፣ ጣራውን ደጃቸው ድረስ ስናመጣላቸው የሚመልሱን እሳቸው። ቆርቆሮውን አራግፈን፣ ጠግበን በልተን፣ ተመርቀን ተሸኘን። ምርቃቱ ራሱ አናደደኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ በረዶ ጣለ። ጎንደር ቤቴ ተቀምጬ ጣራዬ ሲንኳኳ ስሰማ የማስበው ያንን ግድግዳ ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ለመንኩ፣ አናጢውን ከሥራው አስቀረሁ፣ የዕለቱ ታቦት ማን እንደሆነ ደውዬ አጣራሁ፤ ከዚያ ማክሰኞ ወጣን።

እንደፈራሁት ነው። ጭቃው ታጥቦ ወርዶ በአንድ ወገን የግድግዳው እንጨት አግጥጧል። ከማዶ ያለው ገብስም ተኝቷል። ግቢው ግን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ወንዱ ጭቃ ያቦካል፣ ሴቱ ጭድ ያቀብላል፣ ቅዳሜ የከለከሉን ሽማግሌ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው። ገብሳቸው የተመታባቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ባልቴቷን ፈልጌ አገኘኋቸውና ከቅዳሜ ጀምሮ ያፈንኩትን ተናገርኩ።

«አዩ እማማ? መዶሻ አላነሳንም፤ በረዶው ግን አልቀረም! አሁን ቅዳሜ ብንሠራው ኖሮ ምን ነበረበት?»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ ግቢው ሰው በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ሠርታችሁ ቢሆን ኖሮ ልጄ፣ በረዶውን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ ይሉኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማን ጭቃ ያቦካልኝ ነበር?»

ንዴቴ አልበረደልኝም። ግን ጫማዬን አውልቄ ከሽማግሌው አጠገብ ጭቃው ውስጥ ገባሁ።