ብሉዝ ሲለን፣ በላን

ልጅ ሳለሁ፣ መብራት ሲሄድ ሰፈሩ በሙሉ ይራገማል፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ግን በደስታ እንዘል ነበር። የዲላ መብራት ያኔም እንዳሁኑ እንደ ሰካራም ባል ነው፤ ሲሻው ይገባል፣ ሲሻው ውጭ ያድራል። ለእኛ ግን መብራት ሄደ ማለት የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ወራሳ ቤት አመሸ ማለት ነበር። ጋሼ ወራሳ በዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ የባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ሚስትም ልጅም ስላልነበረው እኛው ጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ያለው ወንድ እሱ ብቻ ነበር። መብራት ከሌለ ቤዝ ድምፅ የለውም፣ የሆቴሉ ባለቤትም ጄኔሬተሩን ለፍሪጁ እንጂ ለባንዱ አያስነሳም። ስለዚህ ጋሼ ቤዙን በአሮጌ ነጠላ ሸፍኖ ጥግ ያስደግፍና ከሰል ምድጃው አጠገብ ዱካ ስቦ ይቀመጥልናል።

እናቴ ፍሙ ላይ የጎደሬ ድስት ጥዳለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን ይለበልበናል፣ ታሪኩ ያስላል፤ ጋሼ ግን አፉን አይከፍትም። «መጀመሪያ ኩራዙን አምጡት፣ ፊታችሁን ልየው» ይላል። ኩራዙን በእሱና በእኛ መሃል አስቀምጦ፣ ክሩን ከፍ አድርጎ፣ አንድ በአንድ ካየን በኋላ ነው የሚጀምረው። ያኔ ከፍቅር ብዛት ይመስለኝ ነበር፤ ፍቅርም አልነበረም አልልም።

የሌላ ቤት ልጆች «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» ይላሉ። የኛ ቤት ግን ሌላ ነበር። ጋሼ እጁን ያነሳና «ብሉዝ!» ይላል፤ እኛ «በላን!» ብለን እንጮሃለን። ነገሩን ያመጣው ታሪኩ ነው። ገና አፉን ሲፈታ፣ አንድ ምሽት ጋሼን «ሆቴል የምትጫወተው ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኩትና «ብሉዝ» አለኝ። ታሪኩ ብሉ የተባለ መስሎት ኮስተር ብሎ «በላን እኮ!» አለ። ጋሼ ወራሳ እስኪያስለው ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ራት በልተንም ሳንበላም «በላን» ሳንል ተረት የለም። እናቴ ግን ያን ቀን አልሳቀችም። ጸሎት የማታጓድል የቸርች ሴት ናት፤ ወንድሟ ሰካራም መሃል ማምሸቱ ሁልጊዜ ያቃጥላታል።

«ልጁ እውነቱን ነው» አለች ድስቱን እያማሰለች። «ይሄን ሁሉ ዘመን ብሉዝ ብሉዝ ስትል፣ እስቲ ምን በላህበት?»

ተረቱ ጅብና ጦጣ አልነበረበትም፤ የራሱ ኑሮ ነበር። ከወናጎ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ እንደገባ፣ ሸክላ በሚያጫውት አንድ ቡና ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠበ የጥቁር አሜሪካኖችን ጊታር እንደሰማ፣ እጁ ሳሙና እንደያዘ ቆሞ እንደቀረ ያወራልናል። «ቋንቋቸውን አላውቅም» ይለናል፤ «ለቅሶውን ግን አውቀዋለሁ። የኛው ትዝታ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ ነው እንጂ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ አይደል? ብሉዝ ግን እያለቀሳችሁም እግራችሁ ዝም አይልም።» ይሄን ሲል ባዶ እግሩ መሬቱን ይመታል፤ የታሪኩም እግር ይከተለዋል።

ደጋግመን «ንገረን» የምንለው ግን አንዱን ነው። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ በነበረ ዘመን፣ የሆቴል በር ከተዘጋ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ጋሼ ያኔ ጊታር ነበር የሚጫወተው፤ ቤዙ የጓደኛው ነው። ትዝታ እየተጫወቱ ሳለ ሁለት ሰዎች መጥተው መድረኩ ጫፍ ቆሙና ጓደኛውን በጣት ጠሩት። ጓደኛውም ቤዙን ከአንገቱ አውልቆ ወንበር ላይ አስቀመጠና ለጋሼ «መጣሁ» አለው። ሄደ። ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ሙዚቃው እንዳይቆም በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ጋሼም ጊታሩን ትቶ ቤዙን አነሳ። እንጨቱ ከሰውየው ሆድ ገና እንደሞቀ ነበር። ታሪኩ ሁልጊዜ እዚህ ጋ «መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሼም ሁልጊዜ «ይመጣል። እኔ ይዤለት ነው» ይላል። ጥግ በነጠላ ተሸፍኖ የቆመው ቤዝ ያ ቤዝ ነበር። ሐዋሳ፣ ሞያሌ፣ ይርጋጨፌ፣ ባንድ በፈረሰ ቁጥር ባንድ እየቀየረ፣ መኪና ላይ ከአምፕሊፋየር ጋር እየተጫነ፣ ጋሼን በመጨረሻ ዲላ ያደረሰው ይኸው ቤዝ ነው። እናቴ «ለልጅ እንዲህ ያለ ይወራል እንዴ?» ትላለች፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እንደዚያ ነበር የሚመስለን።

አንድ ምሽት መብራት ሄደ፣ ኩራዙም ጋዝ ጨርሶ ነበር። እናቴ ጎረቤት ልትበደር ወጣች። ፍሙ አመድ ለብሷል፤ ክፍሉ ውስጥ የራሳችንን እጅ እንኳ አናይም። ጋሼ ጨለማው ውስጥ «ብሉዝ!» አለ። «በላን!» አልን። ዝም አለ። እንደገና «ብሉዝ!» አለ። ጮክ ብለን «በላን!» አልን። ዝም። «ምነው ልጆች፣ ተኮራረፍን እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ፍርሃት ነበር። ጨዋታ መስሎን እኔና ታሪኩ ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ «በላን! በላን!» እያልን ስንጮህ እናቴ የበራ ኩራዝ ይዛ ገባች። ብርሃኑ ፊታችን ላይ ሲያርፍ ጋሼ የተከፈተ አፋችንን አየና ፊቱ በራ። «አሃ፣ በላችሁ!» አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ኩራዙን አስቀምጣ፣ ከጀርባው ዞራ ሄደችና «ወራሳ» አለች፤ ቀስ ብላ። አልዞረም። «ወራሳ!» አለች፤ ቆርቆሮው ላይ ካለው ዝናብ በላይ። አልዞረም፤ እኛን እያየ ፈገግ እንዳለ ነው። እናቴ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ያን ምሽት ተረት የለም፤ ያወራው ከእናቴ ጋር ነው፤ እኛም ሰማን። ዕድሜውን ሙሉ ከስፒከር ጎን ቆሞ ጆሮው ቀስ በቀስ ሄዷል። አፍ እያየ ነው የሚያወራው። ሆቴል ውስጥ ይሄን የሚያውቀው ድራመሩ ሙሌ ብቻ ነው። መድረኩ የጣውላ ስለሆነ ሙሌ ትልቁን ድራም በእግሩ ሲመታ፣ ምቱ በጣውላው አልፎ በጋሼ እግር ይገባል፤ ለዚህ ነው ጫማውን አውልቆ የሚጫወተው። ደግሞ እኮ የዲላ ሰው የብሉዝ ወግ መስሎት ያጨበጭብለት ነበር! «እህቴ፣ አፈር ስሆን፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «የማይሰማ ሙዚቀኛ ማን ያቆማል? ይሄ ከሄደ እኔ ምንድነኝ?» ለምን እንደዚያ ሳያቋርጥ እንደሚያወራን የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የሚያወራ ሰው መስማት አይጠበቅበትም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለጋሼማ በሁለት በኩል ባዳ ሆነበት። እሱ ደብቄያለሁ ሲል ከተማው ካወቀ ቆይቷል፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ከኋላው «ደንቆሮው ቤዝ» ይሉት ነበር። እኔ ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንዱን በጠጠር ብየዋለሁ፤ ዛሬም አልጸጸትም።

ቡና የሚለቀምበት ወቅት ሲደርስ፣ ከጨለለቅቱ እስከ ዲላ ነጋዴው ኪሱ ሲሞላና ሆቴሉ ሲደምቅ፣ ባለቤቱ ቤቱን ላሳምር አለ። የጣውላውን መድረክ አስነቀለና የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አስነጠፈ። ሰው ሁሉ «ዋው!» አለ። ጋሼ እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ ወጣ። ሙሌ በኋላ ለእናቴ ሲነግራት እንባው ይወርድ ነበር፤ «ድራሙን ልገነጥለው ደርሼ ነበር፣ እትዬ፣ ግን ሴራሚኩ ዲዳ ነው፣ ምንም አላሳለፈለትም» አላት። አንዱን ዘፈን ስተው፣ ሁለተኛውንም ሳቱት። ሰዎች ሳቁ። ጋሼ የሳቀውን አፍ ሁሉ አየ። በማግሥቱ አንድ ኪቦርድ የሚነካ ልጅ ቤዙንም ጨምሮ እንዲጫወት ተቀጠረ።

እናቴ ያኔ ክፉ አላሰበችም፤ እግዚአብሔር በር የከፈተላት መሰላት። ቸርቻችን ቤዝ የሚጫወት አልነበረውም። «ለዓለም የሰጠኸውን ለጌታ ስጥ» አለችው። እሱም እሺ አለ፤ ለጌታ ይሁን ለእሷ እግዚአብሔር ይወቀው። እሁድ ጠዋት ቤዙን አንግቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከመዘምራኑ ጎን ቆመ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ የድራመሩን፣ የአንድ ጎረምሳ ዘማሪን፣ እግር ብቻ ነበር የሚያየው። መዝሙሩ ደህና ሄደ፤ እናቴ እጇን ዘርግታ ታለቅሳለች። ከዚያ መጋቢው «እንጸልይ» አለና መዝሙሩ ቆመ። ጉባኤው ዓይኑን ጨፈነ። ጎረምሳው ድራመርም ጨፈነ፤ እግሩ ግን እንደ ጎረምሳ እግር መንቀጥቀጡን አልተወም። ጋሼም እግሩን እያየ ቀጠለ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ቤዙ ብቻውን ሲሄድ እስካሁን ይሰማኛል። ዱም፣ ዱም፣ ዱ-ዱም። መዝሙርም አልነበረም፤ እጁ ሳያስበው ወደለመደው ትዝታ ተንሸራቶ ነበር። መጋቢው ጸሎቱን አቋረጠ። ዓይን ሁሉ ተገለጠ፤ አንዲት ሴት «ሃሌሉያ!» አለች፣ ከኋላ ደግሞ አንዱ ሳቀ። ጋሼ ቀና ሲል ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ ሲያየው አገኘው። ጣቱ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆመ። እናቴ ተነስታ «ተው፣ ተው ወንድሜ፣ ምንም አይደል» ስትል የከንፈሯን እንቅስቃሴ አይቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሽቦውን ከስፒከሩ ነቅሎ፣ ቀስ ብሎ ጠቅልሎ፣ በሰው መሃል አልፎ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ነጠላውን ከቤዙ ላይ አላነሳውም።

ተረቱም ቆመ። መብራት ይሄዳል፤ እኔና ታሪኩ ኩራዙን አብርተን ጓሮ ክፍሉ እንሄዳለን፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ዱሮ በጆሮው ያጣውን አሁን በዓይኑ ጨምሮ ተወው፤ ካላየን መስማት የለ፣ መልስ የለ። ክረምቱ ገባ፣ እሱም ምግብ ጠላ። እናቴ ቡላ በወተት ታፈላለች፣ የእንሰት ቂጣውን ዋሳ ትጋግራለች፣ ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ትጸልያለች። ሐኪም ቤት ወስደነው ነበር፤ ሐኪሙ በሽታ አላገኘበትም፣ «ይብላ» አለ። እሱማ ለእኛም ጠፍቶን መሰለህ ሐኪም!

አንድ ምሽት ገና ሊጨልም ሲል መብራት ሄደ። ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጬ ነበር፣ እናቴ የቡላውን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣሁና መዳፉን ጉሮሮዬ ላይ አስቀመጥኩት። በገመድ የደነደኑት ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ። «ብሉዝ» አልኩ። ምንም የለም። ጠበቅ አድርጌ ይዤው እንደገና፣ ከደረቴ፣ «ብሉዝ» አልኩ። ጣቶቹ አንገቴ ላይ ተንቀሳቀሱ፤ ገመድ እንደሚፈልጉ ሁሉ ቀስ ብለው ጫን አሉ። ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም።

«በላሁ» አለ።

እናቴ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ምን በላህበት?» ስትለው የኖረችው እሷ፣ ያን ቀን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ተንሰቀሰቀች። ጋሼ ሳምንቱን አልጨረሰም። ዕድሩ ቀበረው፣ መዘምራኑም ሳይቀየሙ ዘመሩለት። ሙሌ መቃብሩ ዳር ጫማውን አውልቆ፣ ጭቃው ውስጥ በባዶ እግሩ ቆሞ ነበር።

ይኸው ዛሬ ታሪኩ ሐዋሳ ነው፣ እኔ ዲላ አስተምራለሁ፣ መብራቱም አመሉን አልተወም። ቤዙ ከዚያው ጥግ፣ ከዚያው ነጠላ ሥር ቆሟል። ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ባንድ አቋቁመው የቤዙን ወሬ ሰምተው መጡ፤ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ በአክብሮት ጠየቁ። እኔ ልሰጣቸው ልቤ ከጅሎ ነበር፤ ይጫወትበት እንጂ ምን ያደርጋል ጥግ ቆሞ? እናቴ ግን፣ ያቺ በዘመኗ ሁሉ ያን ዕቃ ስትረግም የኖረች ሴት፣ ከዱካዋ ሳትነሳ «አይሆንም ልጆቼ» አለቻቸው።

«የሰው ዕቃ ነው። ባለቤቱ መጣሁ ብሎ ነው የሄደው።»