በወረቀት ሳህን የበላው ኢንጂነር

ጨረር አይሸትም ይላሉ። አይታይም፣ አይዳሰስም፣ አይቀመስም ብለው በመጽሐፍ ጽፈውታል፤ በቴሌቪዥንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይደጋግሙታል። ውሸት ነው። ጨረር የእንስላልና የኮምጣጤ ሽታ አለው። ባለፈው ሳምንት ካሊፎርኒያ፣ ኩፐርቲኖ ከተማ በሚገኝ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንዲት ሴት በእንስላል የተዘፈዘፈ የኪያር ጠርሙስ ከእጇ አምልጧት ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ሽታው መተላለፊያውን ሞላው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ዞር ሲል እኔ ጋሪዬን አቁሜ እዚያው ቀረሁ። መጥረጊያ ይዞ የመጣው ልጅ "አር ዩ ኦኬ?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ብቻ አልነበርኩም፤ እንደገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ያኔ ኦክላንድ፣ አክስቴ ቤት ነበር የምኖረው። ደረጃው የሚንቋቋ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል የሚነሳው ነፋስ መስኮቶቹን ያንገጫግጫል፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንሾካሾካሉ። አክስቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት ትንከባከብ ነበር። ባሏ ትልቅ ጭነት መኪና ይዞ ከስቴት ስቴት ስለሚዞር ከወር አብዛኛውን ቀን የለም። በዚያ የጸደይ ወራት የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ቀጥሎ በምታደርገው ነገር እንዳትፈርዱባት ነው። እኔ ፈርጄባት ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመፍረድ የተመቸ ዕድሜ ነው።

የኋላውን ክፍል የተከራየው ኢንጂነሩ ነበር። ማዕረጉን የሰጠው ትምህርቱ እንጂ ሥራው አልነበረም፤ ሥራውማ ሚልፒታስ ከተማ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር እያየ ፀጉር የሚያክሉ ሽቦዎች መበየድ ነው። ማታ ሲመለስ ሸሚዙ የተቃጠለ ብረት ይሸታል። ጓሮ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሲጋራ ያጨስና ወጥ ቤት ገብቶ የኮሌጅ ሒሳቤን ያስጠናኛል። ስለ ማንኛውም ነገር ስታማርሩለት የሚመልሰው አንድ ቃል ነበር።

"ጋሼ፣ ፈተናው ከባድ ነው።"

"ስንት ጥያቄ?"

"ብርድ ነው ዛሬ።"

"ስንት ዲግሪ?"

ጓሯችን ውስጥ እንስላል ዘርቶ ነበር። ኪያር እየገዛ ከእንስላሉ ጋር በኮምጣጤ ይዘፈዝፍና ጠርሙሶቹን መስኮት ላይ ይደረድራቸዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ስታልፍባቸው ወጥ ቤቱ አረንጓዴ ይሆናል። ዘሩን የሰጠችው በተማረበት አገር የተማሪዎች ማደሪያ ታጸዳ የነበረች አሮጊት ናት፤ ስትሰጠው አልቅሳ ነበር አለኝ። በኤርፖርት ያሳለፈው ካልሲው ውስጥ ደብቆ ነው። ለሁሉም ሰው "ራሺያ ነው የተማረው" ነበር የሚባለው። ለእኛ ሰው ያ ሁሉ አገር ራሺያ ነው። ኪየቭ እንደነበረ፣ የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ የፈነዳ ጊዜም እዚያው እንደነበረ የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው።

"ሜይ ዴይ ሰልፍ ወጥተናል፤ ማንም ምንም አልነገረንም" አለኝ አንድ ቀን፣ የሒሳብ ደብተሬ ላይ ዓይኑን ተክሎ። "ፀሐይዋ ደስ ትል ነበር። ከዚያ በየቀኑ መንገዱን በውሃ ያጥቡት ጀመር። ቅጠላ ቅጠል አትብሉ፣ ጫማ በር ላይ አውልቁ ተባልን። ቀይ ወይን ጨረሩን ያጥበዋል ሲሉን ደግሞ፣ ይህቺን መመሪያ ከሚጠበቅብን በላይ አከበርናት።" ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሕፃናት እየሮጡ ወደ እሱ ከመጡ እጁን ኪሱ ከትቶ ፈቀቅ እንደሚል ልብ ያልኩት ቆይቶ ነው።

አደጋው አሥር ዓመት የሞላው ጊዜ ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ ጓደኞቿን ጠርታ ነበር። ከሳን ሆዜ የእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛችው፣ ማንም ሰው እንዲያጥበው የማትፈቅደው ትልቅ ብርቱካንማ የሸክላ ሳህን መሃል ቀርቦ፣ ቤት ካልነበረው ኢንጂነር በቀር ሁላችንም ዙሪያውን ከበን እንበላለን። ቴሌቪዥኑ ባዶ ከተማ ያሳያል፤ አቧራ የለበሱ የተማሪ ወንበሮች፣ በትራክተር ተደርምሰው አፈር የለበሱ የገበሬ ቤቶች። ቤት በአፈር ሲቀበር ያየሁት ያን ቀን ነው። አንዷ እንግዳ "እግዚኦ" አለች።

እኔም፣ የማውቀውን ማሳየት የምወድ ልጅ፣ "ኢንጂነሩ እኮ ያኔ እዚያ ነበር!" አልኩ። በኩራት ነበር የተናገርኩት።

የአክስቴ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

በማግስቱ ለኢንጂነሩ እራት የቀረበለት በወረቀት ሳህን ነው፤ ለብቻው፣ ከፕላስቲክ ሹካ ጋር። እኔና አክስቴ ከብርቱካንማው ሳህን እንበላለን። ሳህኑን አየው፤ አክስቴን አየ፤ ከዚያ "ጥሩ ነው፣ እጥበት ቀረልሽ" አላትና በላ። ከሥራ ባመጣችው ጓንት የወረቀቱን ሳህን በሁለት ጣት አንስታ የውጭው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ እንስላሉን ግማሹን ነቀለችው። "መሬታችንን በከለብን" አለችኝ፤ "እኔ እንግዲህ አፈሩን ምን ላደርገው ነው? ልጄ ዳዴ የሚለው እዚህ ነው።" ቀጥላም፣ "በወሩ መጨረሻ ሙቭ ያድርግ። አንቺ ንገሪው፤ ነገሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ።"

ነገርኩት። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን ጨረሰ።

"አልፈርድባትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አስወጣ ነበር።"

አለመቆጣቱ አንገበገበኝ። በማግስቱ ኮሌጅ ሄጄ የፊዚክስ አስተማሪዬን ጠየቅኋት፤ የጠመኔ ብናኝ ከልብሷ የማይጠፋ፣ ሳቅ የማይቀናት አሮጊት ናት። ጨረር እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አለችኝ። ያን ጊዜ ልብሱ ላይ አቧራ ይኖር ይሆናል፤ አሥር ዓመት ሙሉ የታጠበ ሰው ግን ለማንም የሚያቀብለው የለውም። የዋጠው ቢኖር እንኳ አብዛኛው ከሰውነቱ ከወጣ ቆይቷል። "በራሱ ላይ ያደረሰውን ግን ይህ አይነግርሽም" ብላ ከቁም ሣጥን ውስጥ እጀታ ያለው ቢጫ ሣጥን፣ የጨረር መለኪያ፣ አወጣች። "አክስትሽ አንቺን አታምንሽም፤ ይህን ግን በጆሮዋ ትሰማዋለች። ምንም በሌለበትም አልፎ አልፎ ይቆጥራል፤ የሚያሰጋው ሲፈጥን ነው። ሰኞ ትመልሺዋለሽ።"

ለኢንጂነሩ መለኪያ ይዤ እንደመጣሁ ስነግረው ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ካለስ?" አለኝ።

"የለም አለች እኮ።"

"ካለስ? ከአክስትሽ ቤትማ እወጣለሁ። ከራሴ ወዴት ነው የምወጣው?"

አሥር ዓመት ሙሉ "ስንት?" ሲል የኖረው ሰው አንዲቷን ቁጥር ሳይጠይቅ እንደኖረ ያኔ ገባኝ።

አክስቴ ቤቱ እንዲለካ እሺ ያለችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሽማግሌ ይቀመጥ። ነገር በሽማግሌ ፊት ካልታየ አይጸናም አለች፤ በእሷ ግምት እኔም ላጭበረብር እችላለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤታችን የሆኑትን ኤርትራዊ አዛውንት ጠራኋቸው። አስመራም አዲስ አበባም መካኒክ ሆነው የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኛ የጠራ ሰው ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው መጡ።

"በዕድሜዬ ብዙ እርቅ ተቀምጫለሁ" አሉ፣ ቢጫውን ሣጥን በጥርጣሬ እያዩ፤ "በማሽን ሲፈረድ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ይምላል?"

"አይምልም፣ አባባ። ይቆጥራል።"

"እንግዲያው ከእኔ ጀምሪ። ሠላሳ ዓመት ናፍጣ ተንፍሻለሁ።"

ወጥ ቤቱ ውስጥ የሽንኩርት ቁሌት ይሸት ነበር፤ ፀሐይ በጠርሙሶቹ በኩል ገብታ ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ክብ ሠርታለች። ከፈትኩት። ቲክ... ቲክ፣ ቲክ... ግድግዳው ላይ ያዝኩት፤ ያው ነው። አዛውንቱ ላይ ያዝኩት፤ ያው ነው። "ናፍጣው በኖ ጠፍቷል ማለት ነው" አሉ። አክስቴ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እንቢ አለች፤ ከዚያ እጇን አነሳች። ያው ነው።

ኢንጂነሩ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመ። ጫማውን አውልቆ ነበር። ከፀጉሩ ጀመርኩ፤ አንገቱ፣ ደረቱ፣ መዳፎቹ፣ እግሮቹ፣ የጫማው ሶል። ዓይኑን ጨፍኗል። ቲክ... ቲክ፣ ቲክ... እንደ ግድግዳው። ወደ ጓሮ ወጥተን የተነቀለውንም ያልተነቀለውንም እንስላል፣ አፈሩንም ለካሁ። እንደ ግድግዳው።

"ስንት?" አለኝ በመጨረሻ። የመለኪያውን መርፌ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየው።

"ተፈረደ" አሉ አዛውንቱ። ተመልሰን ወጥ ቤት ገባን፤ ሣጥኑን ሳላጠፋው ጠረጴዛው ላይ፣ ለምሳ ከተዘጋጀው ብርቱካንማ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩት።

ጠርርርርርርርርር!

አራታችንም ወደ ኋላ ዘለልን። የአዛውንቱ ከዘራ ወደቀ። ሣጥኑን ከሳህኑ ሳርቀው ቲክ... ቲክ፤ ሳስጠጋው ጠርርርር።

"ማርያምን!" አሉ አዛውንቱ። "ኪየቭ የነበረው ሳህኑ ነው!"

ኋላ አስተማሪዬ እንዳስረዳችኝ፣ ድሮ ያንን ብርቱካንማ ቀለም ለማውጣት ዩራኒየም ይጨምሩበት ነበር። መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ማንንም አይገድልም፤ መብያ ግን አይደረግም። ያን ቅዳሜ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ ወንበሩን ዳብሳ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ከዚያ ሳህን ስትበላ ኖራለች። ሁለቱ የወረዱባት ልጆች በፊቷ ሲያልፉ በዓይኔ አየሁ።

"እኔ ነኝ" አለች። "በገዛ እጄ።"

ያን ጊዜ ኢንጂነሩ ብዙ ነገር ማለት ይችል ነበር። እኔ ብሆን እል ነበር፤ ዛሬም ብዕሬን ይዤ የምኖረው እንዲህ ያለውን ነገር ሳልል የማላልፍ ስለሆንኩ ነው። እሱ ግን ፎጣ አንስቶ ሳህኑን ጠቀለለው፤ ደረጃው ሥር አስቀምጦት ተመለሰ። ከፊቷ ቁጢጥ ብሎም መለኪያውን ሆዷ አጠገብ ያዘው።

"እትዬ፣ ስሚ። ቲክ፣ ቲክ። እንደ ግድግዳው ነው። ባለፈው የሆነውን ይሄ ሳህን ማድረጉን ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ አንቺም ለራስሽ አትንገሪው። እኔ አሥር ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ምንም አይጠቅምም።"

አክስቴ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ወጡን አሞቀች። ሌላ ትልቅ ሳህን ስላልነበረን ከመሳቢያው የወረቀት ሳህኖቹን አወጣችና ለአራታችንም ደረደረች። መጀመሪያ የጎረሰው ኢንጂነሩ ነው፤ ከእጇ። አዛውንቱ ሳህናቸው ወጡን መሸከም አቅቶት ሲጎብጥ፣ "ይሄ ሳህን እውነትም ከቤት የሚያስወጣ ነው" አሉ።

ስለ ወሩ መጨረሻ ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም። ኢንጂነሩ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረ። በመስከረም አክስቴን ምጥ ሲይዛት፣ ባሏ መንገድ ላይ ስለነበር፣ በአሮጌ መኪናው ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። ልጅቷን ቤት ስናመጣት አክስቴ ሳትጠይቀው እቅፉ ውስጥ አስቀመጠቻት። እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ቀይሮ ነበር የጠበቀን። ክንዱ እስኪዝል ማንም እንዲቀበለው አልፈቀደም።

ሰዎች ፍርሃት የሚመጣው ካለማወቅ ነው ይላሉ። በዚህም አልስማማም። አክስቴ የፈራችው የምታጣው ስለነበራት ነው። እኔን የጠቀመኝ ግን አንድ ሰው ፍርሃትን ሳይሰድብ "ስንት?" ብሎ ሲጠይቅ ማየቴ ነው፤ ያውም እየፈራ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ተደምረው ይህን ያህል አላስተማሩኝም። በሕይወት እያለ አመሰግንሃለሁ ብዬዋለሁ፤ "ስንት ጊዜ ትይኛለሽ?" ነበር መልሱ።

ባለፈው ክረምት ሳን ሆዜ ውስጥ ሞተ። ሳንባው ነው። ጨረሩ ይሁን፣ ሲጋራው ይሁን፣ የሚልፒታስ የብየዳ ጭስ ይሁን፣ ሐኪሙ አልነገረንም፤ ሊያውቅም አይችልም። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ግን ገና ፍራሹ ሳይነጠፍ አንዱ ወደ ሌላው ዘንበል ብሎ "ያው የቼርኖቤሉ ነገር ነው" ሲል ሰማሁ። ሌላው ራሱን ነቀነቀና ወንበሩን ከሟች ፎቶግራፍ ትንሽ ፈቀቅ አደረገ። ከፎቶግራፍ! ውሃ ስታድል የነበረችው የአክስቴ ልጅ ሰምታለች፤ አማርኛ ባትናገርም የማትሰማው የለም። ብርጭቆውን ሰውየው ፊት አስቀመጠችና በእንግሊዝኛ "ስወለድ ያቀፈኝ እሱ ነው" ብላው አለፈች። አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከሰውየው ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለቅሶ ቤት ስትገቡ ሰውየው በምን ሞተ ብላችሁ አትጠይቁ። ተቀመጡ። የምታውቁለት ደግ ነገር ካለ ተናገሩ፤ ከሌለ አፋችሁን ዝጉ።