ከችካሉ ወዲያ

ሽማግሌው ግንበኛ ትምህርት የጀመሩት ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ምን ልትሆኚ ነው እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷ ግን ክፍል እየቆጠረች የመጨረሻው ላይ ደረሰች፤ ሳትጨርሰው ሞት ቀደማት። ከዚያ ወዲህ የሳቸው ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሷ የደረሰችበት ክፍል መግባት።

አሁን እዚያ ለመግባት የቀራቸው አንድ ፈተና ነበር። ባለቤታቸውንም ያስተማረችው መምህርት፣ በዕድሜ ከመጨረሻ ልጃቸው የምታንሰው፣ «ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት ዋይ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ግራፉን እንዲሠሩ ጠራቻቸው። ኤክስን ዜሮ ሲያደርጉት ዋይ አራት ወጣ። ዋይን ዜሮ ሲያደርጉት ኤክስ ስድስት ሆነ። እንግዲህ መስመሩ ቋሚውን ዘንግ አራት ላይ፣ አግድሙን ስድስት ላይ ይቆርጣል ማለት ነው። ሁለቱን ነጥቦች ችካል እንደሚተክል ሰው ጠበቅ አድርገው ምልክት አደረጉባቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀጥ ያለ መስመር ስበውም ጠመኔውን አስቀመጡ።

መምህርቷ፣ «ኤክስ ዘጠኝ ሲሆንስ አባባ? መስመሩ የት ጋ ነው?» አለቻቸው።

«እዚያማ ምን መስመር አለ ልጄ፤ ሲባጎው ስድስት ላይ ታስሯል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ የተቀመጠው ሹፌር፣ አባባ ሲሚንቶ አልቆባቸው ነው አለ። መምህርቷ አልሳቀችም፤ ግን ይህ ሳይገባቸው ልታሳልፋቸው እንደማትችል፣ በሚመጣው ቅዳሜ እንደገና እንደምትፈትናቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም የጠመኔውን ብናኝ ከኮታቸው አራግፈው፣ አንገታቸውን ሳይደፉ ወጡ።

ቤታቸው ደርሰው ከረጅሙ ግድግዳ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ይህን ቤት የሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ እሳቸው ሲባጎውን ሲያስሩ እሷ ሌላውን ጫፍ ትይዝ ነበር። ወጥሪው ሲሏት፣ እኔስ ወጥሬዋለሁ፣ አንተ ነህ የላላኸው ትላቸዋለች። በኋላ ልጆች ተከታትለው ሲመጡ ለቤቱ ሦስተኛ ክፍል መጨመር ግድ ሆነ። እሳቸው እንደ አዲስ ሊለኩ ሲነሡ እሷ ማዕዘኑ ጋ ቆመች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ዳር ለዳር ተመለከተችና፣

«ችካሉን ንቀለው» አለች። «ያለቀው ግድግዳው ነው እንጂ መስመሩ መች አለቀ?»

ነቀሉት። የአሮጌውን ግድግዳ መስመር ተከትለው ሲባጎውን አስረዘሙት። አዲሱ ክፍል ከአሮጌው የተጋጠመበት ቦታ ዛሬም ተፈልጎ አይገኝም። ሽማግሌው ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳብሱት ቆዩ።

ቅዳሜ መምህርቷ ያንኑ ጥያቄ ስትሰጣቸው ማስመሪያውን በሁለቱ ነጥቦች ላይ አጋደሙ። መስመሩን ከስድስት አሳልፈው ከአግድሙ ዘንግ በታች አወረዱት፤ በሌላውም በኩል ከአራት በላይ፣ ሰሌዳው እስኪያልቅ ድረስ ሳቡት። ዘጠኝ ጋ ዋይ ኔጌቲቭ ሁለት ሆነ። ከአሥራ ስምንት ላይ ስድስት ሲነሣ ያው አሥራ ሁለት ነው።

«አልፈዋል፣ አባባ» አለች መምህርቷ።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባለቤታቸው የት ትቀመጥ እንደነበር ጠየቋት። ወደ መጨረሻው ክፍል ወስዳ መስኮቱ ሥር ያለውን አግዳሚ ወንበር አሳየቻቸው። ሄደው ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው።