ቀይ መብራት ለቲማቲም

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከሰበታ አዲስ አበባ መግባት ባልተቻለበት ሰሞን፣ ከሥራ ቀርቼ ቤት ውስጥ ቲማቲም በጣሳ ዘራሁ። ክፍሌ ፀሐይ ስለማያገኝ ለችግኝ ይሆናል የተባልኩትን ቀይ መብራት ጣሪያው ላይ ሰቀልኩ። ችግኞቹ ብርሃን ፍለጋ ተስበው እንደ ክር ቀጠኑ። መብራቱን ከችግኞቹ አንድ ስንዝር እስኪቀረው ድረስ ሳወርደው መስኮቱ በሙሉ ቀላ። ሲመሻሽ ሁለት ወንዶች አንኳኩተው «ቢራ አለ?» አይሉኝም! እኛ ሰፈር ቀይ መብራት ማለት መጠጥ ቤት ነው። በንዴት በተራ ነጭ አምፖል ቀየርኩት፤ ችግኞቹ እሱንም ወደዱት፣ ወፈሩ። መሬታቸው በማስተር ፕላኑ እንዳይወሰድ የሚሰጉት ገበሬ ጎረቤቴ ሊጠይቁኝ መጡ። «አካም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና ጣሳዎቹን አዩ።

«ፀሐዩንስ አመጣሽው፤ መሬቱን ከየት ልታመጪ ነው?»