ሥጋ የሌለው ቅርጫ

በዚያ የመስከረም ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ አራት ነበርን። የልጅ ልጄ ጀርባዋን ሰጥታን መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ከደጃፉ አላለፈችም፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ ነበር። ጎረቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ መሐል ቆሜ ነበር። ዝናቡ ማቆሙ ስለነበር ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በተከፈተው በር የእርጥብ ሣር ሽታና ቢጫ ብርሃን አብረው ይገቡ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ዛሬ ጠዋት የሰማሁት ድምፅ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ማገዶ ሲሰብር «ቀጭ» አለ። ያኔ ስልኬ ያሰማ የነበረው ልክ እንደዚያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሁለቱ ልጆች ከዘጠነኛ ክፍል ጀምረው በእኔ ስልክ አንድ ጌም ይጫወቱ ነበር። የራሳቸው ስልክ አልነበራቸውም። በጌሙ ውስጥ ቤት ይሠራል፣ ወንበር ይሠራል፣ ካባ ይሰፋል። ያልፈለጉትን ዕቃ ግን አይጥሉትም። የመዶሻ ሥዕል አለ፤ እሱን ሲነኩት ወንበሩ «ቀጭ» ይልና ተመልሶ እንጨትና ምስማር ይሆናል። ካባው ክር፣ መስኮቱ መስታወት ይሆናል። በዚያ ጥሬ ዕቃ ደግሞ ሌላ ይሠራሉ። ጌም የሚባል ነገር አልወድም፤ መዶሻውን ግን ወደድኩት። እኛም ቤት ስናፈርስ ቆርቆሮውንና ወራጁን ነቅለን፣ የጎበጠውን ምስማር አቃንተን ነው ሌላ ቦታ የምንተክለው።

በአራት ዓመት ውስጥ ወንዝ ዳር ትልቅ ቤት ሠሩ። መስኮቶቹ ሰማያዊ ነበሩ። ከዚያ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ደረሳቸው፤ አንዷ ወደ ሰሜን፣ አንዷ ወደ ደቡብ። ለየብቻ ስልክ ተገዛላቸውና ለየብቻ አካውንት ከፈቱ። ጌሙ ግን የተሠራ ነገር ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው አያሻግርም። የሚላከው ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው። ቤቱን ለመካፈል ማፍረስ ግድ ሆነ።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ «ድርሻዬን ስጪኝና ልሂድ» አለች። የእኔዋ «የሠራነውን ቤት አፍርሺ ትይኛለሽ?» ብላ ስልኬን ትራስ ሥር ደበቀችው። ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ መሄጃዋ በማግሥቱ ጠዋት ነበር። እንደተኳረፉ ከተለያዩ በየሄዱበት ሌላ ጓደኛ ያበጁና በዚያው ይቀራሉ ብለን ፈራን። ስለዚህ እኔና ጎረቤቴ በግድ አገናኘናቸው።

«ቅርጫ ነው የሚያስታርቃቸው» አልኩ።

ጎረቤቴ ሳቋ መጣ። «ሱብሃነላህ! ስልሳ ዓመት አብረን ስንኖር ቅርጫ ገብተን አናውቅም። ዛሬ በስልክ?»

እውነቷን ነበር። የእነሱ ሥጋ ሌላ፣ የእኛ ሌላ ነው። ልጆች ሳለን፣ በፋሲካ አባቴና ሰዎቹ በሬ ጥለው ሥጋውን በቅጠል ላይ እኩል እኩል ሲመድቡ፣ እሷ ከአጥሩ ወዲያ በሽንቁሩ ታይ ነበር። በዓረፋ ደግሞ እኔ ከወዲህ። አንድ ቀን በዚያው ሽንቁር ተማከርን። «ስናድግ አንድ በሬ እንገዛለን» አለችኝ፤ «በቀኝ በኩል ያንቺ አባት ያርደዋል፣ በግራ የኔ።» ሰባት ዓመታችን ነበር፤ የሚቻል መስሎን ነበር። ቀለሙ ዳለቻ እንዲሆን ሁሉ ተስማምተን ነበር።

መዶሻውን ልነካ ጣቴን ሳነሣ ጎረቤቴ ከአልጋው ተነሣች።

«ቆይ! አንቺ ብቻ ካረድሽው ለኔ ልጅ አይሆናትማ!»

«እንግዲያው ግራው ያንቺ።»

አጠገቤ መጥታ ትከሻዬን ተደገፈች። እኔ «በስመ አብ» ብዬ የቀኙን ጣሪያ ነካሁ። ቀጭ። እሷ «ቢስሚላህ» ብላ በግራ በኩል ነካች። ምንም ድምፅ የለም። ደገመች። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ዶሮ እየጮኸች ሮጠች።

«ኧረ እመዬ፣ ዶሮዋን ነኩ!» አለች የልጅ ልጇ ከደጃፉ። «እሷ አትፈርስም!»

«እኔ ምን ላድርግ፤ መነጽሩን እሷ አድርጋው!»

መነጽሬን አውልቄ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ እኔ አንድ ስነካ መነጽሩን ወደ እሷ አሻግራለሁ፣ እሷ አንድ ስትነካ ወደ እኔ ትመልሳለች። መስኮቱ ሥር የቆመችው የእኔዋ አልዞረችም፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጎረቤቴም የልጅ ልጅ ሁለተኛውን እግሯን አስገባች።

ቤቱ አለቀ። የወጣውን ጥሬ ዕቃ በወረቀት ላይ ለሁለት መደብኩት። እንጨት ብቻ ለአንዷ፣ ድንጋይ ብቻ ለሌላዋ አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ከሁሉም ነው። ከዚያ ለዕጣ የሚሆን ነገር ጠየቅኋቸው። የእኔዋ ዞራ የጸጉር መያዣዋን፣ የጎረቤቴ የልጅ ልጅ የሹራቧን ቁልፍ ሰጡኝ።

«እኩል ከሆነ ዕጣው ለምንድን ነው?» አለች የእኔዋ። ከዞረች በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር።

«እኔ አያትሽ ስለሆንኩ ነው» አልኳት። «ነገ አዳላችልሽ እንዳትባዪ።»

ጎረቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዕጣዎቹን በጭብጧ ተቀበለችኝና ሳታይ በመደቦቹ ላይ ጣለች። ልጆቹ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ፤ ጭንቅላታቸው ሊጋጭ ደረሰ። አንድ ሰማያዊ መስታወት ተርፎ ነበር።

«እሱን አንቺ ውሰጂው» አለች የጎረቤቴ የልጅ ልጅ።

«አልወስድም። መስኮቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

«ቀለሙን የመረጥሽው አንቺ ነሽ አልኩሽ!»

ጎረቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መውሰድ ተጣልተው ዛሬ ስላለመውሰድ ይጣላሉ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ከፍ ብሎ ነበርና ዝም ብለን ሰማናቸው። በመጨረሻ ድርሻ ድርሻቸው ወደየስልካቸው ተልኮ መስታወቱ እኔው ስልክ ላይ ቀረ። አሁንም አለ። አንዳንድ ቀን እከፍተዋለሁ፤ ባዶው ሜዳ ላይ ያቺ ዶሮ ትዞራለች።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ መናኸሪያው አራታችንም ሄድን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ይጣራል። የእኔዋ የጓደኛዋን ሻንጣ እስኪጫን ድረስ ለሌላ ሰው አልሰጥም ብላ በሁለት እጇ አቅፋ ነበር፤ ረዳቱ ከእጇ ተቀብሎ ጫነው። ጎረቤቴ የልጅ ልጇን ሳመቻት፣ መረቀቻት፣ ደግማ ሳመቻት። ሚኒባሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ልጅቷ መስኮቱን ገፋ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ኔትወርክ እስካገኝ ወንዙ ዳር ቦታ ያዢልኝ!»

«ከጎኔ ነው የምይዝልሽ! ደግሞ ሳትነግሪኝ ዛፍ እንዳትቆርጪ!»

«ማን ነሽና!»

የእኔዋ እየሳቀች ከሚኒባሱ ጋር ጥቂት ሮጠች። ሚኒባሱ በጭቃው ውስጥ ተንገዳግዶ ወደ አስፋልቱ ዞረ፤ ልጅቷም ሄደች።