በጭቃ ያሳበብነው

ባለፈው ሳምንት ልጄ ናትናኤል ጂም ልጀምር ነው ብሎ መጣ። ብረት ብቻውን ማንሳት ስለሚያስፈራ ከማን ጋር ብሠራ ይሻላል ብሎ ሦስት ጓደኞቹን ቆጠረልኝ። የምለቅመው ምስር ከእጄ ተበተነ።

"አይዞሽ እማ፣ እንደ አጎቴ ጭቃ አይጥለኝም" ብሎ ሳቀ። ቤታችን ውስጥ በዚህ ነገር ሁሌም ይሳቃል። እኔም አብሬ ስስቅ ኖሬአለሁ።

ነገሩ የሆነው ልጅ ሳለሁ ነው። አዲሱ መንግሥት ከገባ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከተማችን ቦንጋ ገና ባጃጅ አላየችም። ታላቅ ወንድሜ በላይነህ ፖሊስ ካልሆንኩ ብሎ ነበር። ሁለት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልቶ በውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ አጣበቀና ብረት ሠራ። ከሰዓት በኋላ ቆጮ በአይብ ይበላና በረንዳው ላይ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ አግዳሚ ላይ በጀርባው ተኝቶ ከደረቱ ወደ ላይ ይገፋዋል።

አብሮት የሚሠራ ጓደኛ ነበረው። አንድ ቀን አባረረውና እኔን ጠራኝ። ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ፣ በገዛ ጥላዬ የምደነግጥ ልጅ ነበርኩ።

"እኔ ምን ጉልበት አለኝ?"

"ጉልበት ማን ፈለገ? እሱ ሴት ባለፈች ቁጥር ይረሳኛል። አንቺ ፈሪ ነሽ፣ ዓይንሽን አትነቅይም። ብቻ 'ያዢ' ሳልልሽ እንዳትነኪው። ስልሽም መሃሉን ነው፣ በሁለት እጅ።"

ለፖሊስ ምልመላው አራት ቀን ሲቀረው፣ ብረቱን እየገፋ ሳለ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። አልጠራኝም። አሁን ሳስበው፣ ሊጨርሰው ትንሽ ነበር የቀረው። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ አጠገቤ ያለውን ጫፍ ይዤ ሳብኩት። ብረቱ ተንጋደደና በሌላው በኩል ወረደ። የግራ እጁ አንጓ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

እማዬ ከገበያ ስትገባ እጁን ታቅፎ ተቀምጧል። አፌን ሳልከፍት "ጭቃው ጣለኝ" አላት።

"ዓይንህን ምን ጋረደው? ሰው ሁሉ በዚያው ጭቃ ይሄድ የለ!"

ወጌሻ አሰረለት፤ አጥንቱ ግን ጠሞ ቀረ። ምልመላው አለፈው። በሚቀጥለውም ዓመት እጁን አይተው መለሱት። እማዬ እስክትሞት ድረስ "የኔ ዝርክርክ" እያለች ጠራችው። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር።

ይህን ሁሉ ለናትናኤል ነገርኩት። አልሳቀም። "ታዲያ ከሦስቱ ማንን ልምረጥ?" አለኝ።

"ዓይኑን የማይነቅለውን። ግን እስክትጠራው የሚታገሥ ከሆነ ነው።"

እሁድ በላይነህ ለምሳ መጣ። በር ላይ የጫማውን ጭቃ ሲጠርግ ናትናኤል የለመደውን ቀልድ አላነሳም፤ ብድግ ብሎ ወንበር ለቀቀለት። ወንድሜ ወዲያው ገባው።

"ነገርሽው እንዴ?"

"ነገርኩት።"

"ምን አስቸኮለሽ? እኔኮ ጭቃውን ለምጄው ነበር" ብሎ ሳቀ። ናትናኤልም ሳቀ። እኔ ወጥ ልጨምር ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስለዚያ ጭቃ ሲሳቅ አብሬ ያልሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።